ሐኪም የሚያውቅ ሰው

ከምሽቱ ሁለት ሰዓት አልፏል። ጎንደር አራዳ ውስጥ የእቴቴ ሱቅ መዝጊያ በግማሽ ወርዷል። በርበሬው፣ ኮረሪማውና ጥቁር አዝሙዱ በየጆንያው አፉ ታጥፎ ለነገ ተቀምጧል። ስልኩ ሚዛኑን ተደግፎ ቆሟል። በስልኩ መስኮት የእቴቴ ልጅ ትታያለች፤ ጀርመን፣ ላይፕዚግ ከገባች አምስተኛ ወሯ ነው።

«ሆድሽ እንዴት ዋለ?»

«ያው ነው እማዬ። ስበላም ያቃጥላል፣ ሳልበላም ያቃጥላል።»

«ሐኪም ዘንድ ሂጂ አላልኩሽም?»

«እሱን እኮ ነው የምልሽ። የሚቀበለኝ ሐኪም አጣሁ።»

እቴቴ ወደ እኔ ዞር አሉ። ስንዴ አገር ዳቦ ታጣ የተባለ ያህል ገርሟቸዋል። «ጀርመን አገር? እኛን ሲያክሙን የነበሩት እነሱ አይደሉም እንዴ?» አሉና ወደ ስልኩ ጎንበስ ብለው ድምፃቸውን ቀነስ አደረጉ፤ «ልጄ፣ ሐኪም የሚያውቅ ሰው አጠገብሽ የለም?»

ይህች ጥያቄ አራዳ ላይ ቀላል ጥያቄ አይደለችም። ሕፃን ሲያተኩሰው፣ ሽማግሌ ሽንት ሲከለክለው፣ ነፍሰ ጡር ቀኗ ሲገፋ መጀመሪያ የሚፈለገው ሐኪሙን የሚያውቀው ሰው ነው፤ ሐኪሙ ራሱ ከዚያ በኋላ ይመጣል። የጎረቤት ልጅ ነርስ ናት። የዕድሩ ጸሐፊ የእህት ልጅ ላብራቶሪ ይሠራል። የእነ እከሌ ልጅ ዘንድሮ ሐኪም ሆኖ ተመርቋል። የትኛው ሐኪም ለኩላሊት፣ የትኛው ለሕፃናት እንደሚሻል፣ ማን መቼ ተረኛ እንደሆነ በእነሱ በኩል ይታወቃል። ከዚያ ባጃጅ ይጠራል፣ ሪፈራል ሆስፒታል ይኬዳል፣ ካርድ ይወጣል፣ ወረፋ ይጠበቃል። የሚያውቁት ሰው ወረፋውን ባያሳጥረው እንኳ፣ «አይዞሽ፣ እዚህ ቁጭ በይ፤ ስምሽ ሲጠራ በዚያኛው በር ግቢ» ይላል። የታማሚ ግማሽ ጭንቀት እዚያው ይወርዳል።

ስደት አስቀድሞ የሚበጥሰው ይህን ክር ነው። የባሕር ማዶው ሆስፒታል ትልቅ፣ መሣሪያው የተሟላ፣ ሐኪሙ የተማረ ሊሆን ይችላል። ሆኖም ወደ እሱ የሚያደርሰው መንገድ በሰው በኩል አያልፍም። በወረቀት፣ በካርድ፣ በስልክ ቁጥርና በቀጠሮ ነው። መንገዱን የማያውቅ ሰው በሐኪም መሀል ተቀምጦ ሐኪም ያጣል።

ከካይሮ ጎንደር፣ 13 ወር

ችግሩ ለጎንደር አዲስ አይደለም። ከ300 ዓመት በፊት ንጉሠ ነገሥቱን ራሳቸውን አስጨንቆ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ «ዓ.ም.» ካልተባለ በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከ1682 እስከ 1706 የነገሡት ታላቁ ኢያሱ የቆዳ ሕመም ጸናባቸው፤ ልጃቸውንም ያዘው። በከተማው መድኃኒት አዋቂ ባይጠፋም ንጉሡ ከሩቅ አገር ሐኪም እንዲመጣላቸው ፈለጉ። እሳቸውም ያደረጉት እቴቴ እንዳሉት ነው፤ ሐኪም የሚያውቅ ሰው ፈለጉ። ካይሮ የሚመላለስ ሐጂ ዓሊ የሚባል ነጋዴ ነበር። «ሐኪም ይዘህልኝ ና» ብለው ላኩት።

ሐጂ ዓሊ ካይሮ ሲደርስ ጉዳዩ የፈረንሳይ ቆንስል ጆሮ ገባ። ቆንስሉ ደግሞ የራሱ ሐሳብ ነበረው። ዐፄ ፋሲል የኢየሱሳውያንን ሚሲዮን ከአገር ካስወጡ ከ60 ዓመት በላይ ሆኗል፤ ሚሲዮናውያኑ ተመልሰው የሚገቡበት ቀዳዳ ሲፈልጉ የንጉሥ ሕመም ቀዳዳ ሆኖ ታያቸው። ስለዚህ ሻርል ዣክ ፖንሴ የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም ተመረጠ፤ ብሬቭዳን የሚባል ኢየሱሳዊ ቄስ ደግሞ የሐኪሙ አሽከር መስሎ ተከተለው።

በሰኔ 1698 ከካይሮ ተነሡ። ዓባይን ተከትለው፣ በረሃውን አቋርጠው፣ በዶንጎላና በሲናር በኩል ወደ ደጋው ወጡ። ቄሱ ጎንደር ሊገባ የግማሽ ቀን መንገድ ሲቀረው ሞተ። ፖንሴ በሐምሌ 1699 ከተማይቱ ገባ። ንጉሡን አከመ፤ ንጉሡም ዳኑ። በሚቀጥለው ዓመት ግንቦት በምፅዋ በኩል ተመለሰ።

ሐኪሙ ጉዞ ከጀመረበት ቀን ንጉሡን እስካየበት ድረስ 13 ወር ሄዷል። ዛሬ «ለስፔሻሊስት አራት ወር ጠብቂ ተባልኩ» ብላ የምታማርር የስደተኛ ልጅ ንጉሥ ከእሷ ሦስት እጥፍ እንደጠበቀ ብትሰማ ትንሽ ትጽናና ይሆናል። ታሪኩ ግን ከማጽናናት ያለፈ ይነግረናል። ንጉሡ ሐኪም መፈለግ የጀመሩት ከታመሙ በኋላ ነው። ሐኪም የሚያውቀው ሰው ደግሞ የራሱን ጉዳይ በሐኪሙ ጓዝ ውስጥ ሸጉጦ ልኳል። ሁለቱም እስከ ዛሬ ስደተኛውን ይከተሉታል።

ፖንሴ ከሄደ ከ70 ዓመት በኋላ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በየካቲት 1770 ጎንደር ሲደርስ ቁስቋም ቤተ መንግሥት ፈንጣጣ ገብቶ ነበር። ብሩስ ሐኪም አልነበረም፤ አልጀርስ ቆንስል ሳለ ትንሽ ሕክምና ለምዷል እንጂ። ፈረንጅ ነውና ሐኪም ነው ተባለ። እሱም መስኮትና በር አስከፍቶ፣ ቤቱን አሳጥኖ፣ የታመሙትን ልጆች ተንከባከበ። በዚያ ዘመን ጎንደር ሐኪምን በመልኩ ትመርጥ ነበር ማለት ነው።

የእቴቴ ጀርመኖች

እቴቴ «እኛን ሲያክሙን የነበሩት» ያሉት ያለ ነገር አይደለም። በ1953 የደምቢያን ሜዳ የወባ ወረርሽኝ መታው፤ ሕዝብ አለቀ። በዓመቱ፣ በ1954፣ ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ተቋቋመ። ዓላማው ሐኪም እስኪደርስ ሳይጠብቁ ገጠር ወርደው የሚሠሩ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን ማውጣት ነበር። በ1978 የሕክምና ትምህርት ሲጀመር ደግሞ ድጋፉ ከምሥራቅ ጀርመን መጣ፤ ከላይፕዚግ ካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ። የላይፕዚግ ሐኪሞች እዚህ አስተማሩ፣ እዚህ አከሙ።

የእቴቴን ልጅ ዛሬ በር የዘጋባት ከተማ ያው ላይፕዚግ ነው። እናትየው ያ ከተማ ሐኪሞቹን ወደ እኛ ሲልክ ያስታውሳሉ። ልጅቱ ወደ ሐኪሞቹ ስትሄድ ግን ደጁ ላይ ቆመች።

በሩ ላይ

ምን ገጠማት? አንደኛ፣ ያለ ቀጠሮ ሄደች። በጎንደር ልማድ በማለዳ ተነሥታ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ቤቷ አጠገብ ወዳለ አንድ የግል ክሊኒክ ገባች። እንግዳ መቀበያ ላይ ያለችው ሴት በትሕትና፣ «አዲስ ታካሚ አንቀበልም» አለቻት። ቦታ የሞላበት ክሊኒክ የሚሰጠው የተለመደ መልስ ነው፤ እሷ ግን በመልኬ ነው ብላ አለቀሰች።

ሁለተኛው ክሊኒክ ቀጠሮ ሰጣት፤ ሐሙስ፣ ዘጠኝ ሰዓት። ቁጥሩን ጽፋ ያዘች። ሐሙስ ዕለት በዘጠኝ ሰዓት ስትደርስ በሩ ተዘግቷል። ስልኳ 15 ሰዓት ይላል፤ ጭንቅላቷ ዘጠኝ ይላል። የጀርመኑ ዘጠኝ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓታችን ነበር። ቀን ከንጋት መቁጠር የለመደ ሰው ከእኩለ ሌሊት ከሚቆጥር አገር ጋር ስድስት ሰዓት ይተላለፋል። ስድስት ሰዓት ያለፈበት ቀጠሮ ደግሞ እንዳልተያዘ ይቆጠራል።

የጀርመን መንገድ እንዲህ ነው። አብዛኛው ሰው የጤና መድን ካርድ አለው፤ ካርዱ በሩብ ዓመት አንድ ጊዜ ክሊኒኩ ውስጥ ይነበባል። ከካርዱ ቀጥሎ የሚያስፈልገው «የቤት ሐኪም» ነው። አዘውትሮ ቤት አይመጣም፤ ግን የሰውዬውን የጤና ታሪክ የሚይዘው፣ ለጉንፋኑም ለደም ግፊቱም መጀመሪያ የሚታየው እሱ ነው። ለልብ፣ ለጨጓራ፣ ለዓይን ስፔሻሊስት ዘንድ ሲላክ የመላኪያ ወረቀቱን የሚጽፈው እሱ ነው። እኛ ከጤና ጣቢያ ወደ ሪፈራል «ሪፈር ተጻፈልኝ» የምንለው ዓይነት ነው። ሐኪም ያጣ ሰው 116117 ይደውላል። ይህ ቁጥር ቀጠሮ ያገናኛል፤ ሌሊትና በበዓል ቀን ሕመሙ ሕይወት የሚያሰጋ ሳይሆን ሐኪም ሲያስፈልግም ያገለግላል። ነፍስ የሚያሰጋ ከሆነ 112 ነው። በሐኪም መፈለጊያው ላይ ደግሞ ሐኪሙ ምን ቋንቋ እንደሚናገር አብሮ ተጽፎ ይገኛል።

ይህን ሁሉ ማን ነገራት? መንግሥት የሰጣት ወረቀት ላይ ነበር፤ በጀርመንኛ። የነገረቻት ግን ቤተ ክርስቲያን ያገኘቻት የዳባት ልጅ ናት፤ አገሩን ከለመደች ስምንት ዓመት የሆናት። ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ ላይ ሻይ እየጠጡ ሆዷን ስትይዝ አየቻትና ጠየቀቻት። «ሐኪም አላውቅልሽም» አለቻት፤ «ቁጥሩን ግን አውቃለሁ። ነገ አብረን እንደውላለን።»

የመንገዱ ቁልፍ ይሄ ነው። ሰውየው አሁንም ያስፈልጋል፤ የሚያውቀው ነገር ግን ተለውጧል። ጎንደር ላይ ሐኪሙን የሚያውቅ ሰው ይፈለጋል። ባሕር ማዶ የሚፈለገው መንገዱን የሚያውቅ ሰው ነው።

ከመወለዱ በፊት የተከተበው ልጅ

ቀጠሮው ከተገኘ በኋላ ፎርሙ ይመጣል። ፎርሙ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፤ እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። የራስ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ነው ያለን። አንዱ መሥሪያ ቤት የአባትን፣ ሌላው የአያትን እንደ ቤተሰብ ስም ይይዛል። እናት፣ አባትና ልጅ በአንድ ቤት ሦስት የተለያየ «የቤተሰብ ስም» ይዘው ሲገኙ የሚደነግጥ ጸሐፊ አይጠፋም። «ቀ» በላቲን ፊደል አንዴ በኪው፣ አንዴ በኬ ሲጻፍ ደግሞ አንድ ሴት ሁለት መዝገብ ይወጣላታል፤ የደም ምርመራዋ በአንዱ፣ መድኃኒቷ በሌላው ይገባል። መፍትሔው አሰልቺ ግን ቀላል ነው፤ ፓስፖርቱ ላይ ያለውን፣ ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ፣ በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት መጻፍ።

ቀኑም እንዲሁ ነው። የልጁ ክትባት ካርድ የተሞላው በእኛ አቆጣጠር ነው። ፓስፖርቱ በ2020 ተወለደ ይላል፤ ካርዱ የመጀመሪያውን ክትባት በ2012 ዓ.ም. ወሰደ ይላል። የሰባትና የስምንት ዓመት ልዩነቱን ያላወቀች ነርስ ከመወለዱ በፊት የተከተበ ሕፃን እጇ ላይ ይገባል። ከመሄድ በፊት ካርዱን ማስተርጎም፣ ከእያንዳንዱ ቀን ጎን የአውሮፓውን ቀን ማስጻፍ፣ ልጅን ለሁለተኛ ጊዜ ከመወጋት ያድናል። የልደት ቀናቸውን ለማያውቁ ስደተኞች ደግሞ ብዙ ጊዜ ጃንዋሪ 1፣ የፈረንጅ አዲስ ዓመት፣ ይሰጣቸዋል። አንድ መጠበቂያ ክፍል ውስጥ አምስት ሐበሻ በአንድ ቀን የተወለደ ሆኖ ይገኛል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ሕመሙን መናገር ነው። አማርኛ ለሕመም የሰነፈ ቋንቋ አይደለም። ውጋት ሌላ፣ ቁርጠት ሌላ፣ ቁርጥማት ሌላ ነው። ይነዝረኛል፣ ይጠዘጥዘኛል፣ ይለበልበኛል፣ ሰውነቴ ተሰባበረ፤ እያንዳንዱ የየራሱ ቦታና ጠባይ አለው። ችግሩ ሲሻገር ነው። «ልቤን ያቃጥለኛል» ያለች ሴት ጨጓራዋን ማለቷ ነው፤ አስተርጓሚው ቃል በቃል «ልቧን» ካለ የልብ ምርመራ ይታዘዝላታል። «ብርድ መታኝ» ያለ ሰው ስለ አየሩ የሚያወራ ይመስላል። «ምች» ደግሞ ጭራሽ አቻ የለውም፤ ዳማከሴ ጨምቃ በምትቀባ እናት ቤት ያደገ ብቻ ያውቀዋል። «ኩላሊቴን» የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ ጎኑን ወይም ወገቡን ማለቱ ነው።

ስለዚህ በሽታውን ራስ ሰይሞ ከመሄድ ምልክቱን መቁጠር ይሻላል። የት ነው? መቼ ጀመረ? ምን ሲያደርጉ ይብሳል? ምን ሲያደርጉ ይሻላል? ምን መድኃኒት ተወስዷል፤ የቤት ቅጠሉም ቢሆን? በጣት ማሳየት ከሁሉ ቋንቋ ይበልጣል። አንድ ነገር ደግሞ እንዳይረሳ፤ ከየት እንደመጡ መናገር። ከመተማ ወይም ከሁመራ ቆላ የተመለሰ ሰው ትኩሳት ሲይዘው የአውሮፓ ሐኪም መጀመሪያ ኢንፍሉዌንዛ ሊያስብ ይችላል፤ «ወባ ያለበት አገር ነበርኩ» የምትል አንድ ዐረፍተ ነገር ነፍስ ታድናለች። አገሬው ቁንጭር የሚለውን የፊት ቁስል አይቶ የማያውቅ ሐኪም በቅባት ወራት ሊያስቆጥር ይችላል። የቁንጭር ዘመድ የሆነውን ካላዛርን በሚመለከት ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የራሱ ምርምርና ሕክምና ማዕከል አለው፤ በዚህ ነገር ጠያቂው ላይፕዚግ፣ ተጠያቂው ጎንደር ቢሆን አያሳፍርም።

በየአገሩ በሩ ይለያያል

ጀርመንን የለመደ ሰው አሜሪካ ሲሄድ እንደገና ይጀምራል። እዚያ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ምን ያምሃል?» አይደለም፤ «ምን ኢንሹራንስ አለህ?» ነው። ሐኪሙ ከኢንሹራንሱ ጋር ውል ከሌለው ሂሳቡ በታካሚው ላይ ይወርዳል፤ ስለዚህ ሐኪም የሚመረጠው ኢንሹራንሱ ካወጣው ዝርዝር ውስጥ ነው። ኢንሹራንስ የሌለው በገቢው ልክ የሚከፍልባቸው የማኅበረሰብ ጤና ማዕከላት አሉ። ድንገተኛ ክፍል ግን በ1986 በወጣው ሕግ መሠረት መክፈል ቻለም አልቻለም የመጣውን ሰው መርምሮ ከአደጋ ማውጣት ግዴታው ነው። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ደግሞ ለታካሚው ያለ ክፍያ አስተርጓሚ ማቅረብ አለበት። ብዙ ወገን የሚኖርባት ዋሽንግተን ዲሲ በ2004 የቋንቋ አገልግሎት ሕግ አውጥታለች፤ አማርኛም የከተማዋ ሰነዶች ከሚተረጎሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። «አማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ማለት እዚያ መብት መጠየቅ እንጂ ውለታ መለመን አይደለም።

እንግሊዝ አገር ኢንሹራንስ አይጠየቅም፤ በሰፈር ሐኪም ዘንድ መመዝገብ ይበቃል። የአድራሻ ማስረጃ ወይም የመኖሪያ ፈቃድ ስለሌለህ አትመዘገብም ማለት አይፈቀድም። ይህን የማያውቅ ስንቱ ጥርሱን ነክሶ ይከርማል።

እስራኤል ለጎንደር የቅርብ ዘመድ ናት። ከወለቃና ከሰሜን መንደሮች የወጡት ቤተ እስራኤላውያን በ1984 በሱዳን በኩል፣ በ1991 ደግሞ በአንድ ቀን ተኩል ከ14,000 በላይ ሆነው ከአዲስ አበባ ተሻግረዋል። በ1995 ሥራ ላይ በዋለው ሕግ እያንዳንዱ ነዋሪ ከአራቱ የጤና መድን ድርጅቶች የአንዱ አባል ነው። ካርድ ለሁሉም ተሰጠ፤ መግባባት ግን በካርድ አልመጣም። በ1998 «ጠነ ብሪዩት» የሚባል ድርጅት የተመሠረተው ለዚህ ነው። ስሙ ራሱ ድልድይ ነው፤ ጤና በአማርኛ፣ ጤና በዕብራይስጥ። ከሥራዎቹም አንዱ ሐኪምና ታካሚን በስልክ አስተርጓሚ ማገናኘት ሆነ።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች በቤት ሠራተኝነት ላሉ እህቶቻችን በሩ ሁልጊዜ ክሊኒኩ ላይ አይደለም፤ የአሠሪው ሳሎን ላይ ነው። ዱባይ በ2013 ባወጣችው ሕግ የጤና መድን የመግዛት ግዴታው የአሠሪው ነው። ሕጉ ቢኖርም ካርዱ በማን ቦርሳ እንደሚቀመጥ፣ ለሕክምና መውጫ ቀን ማን እንደሚፈቅድ ሌላ ጥያቄ ነው። እዚያ ለምትሄድ ልጅ የሚነገራት የመጀመሪያ ምክር አጭር ነው፤ ካርድሽን ጠይቂ፣ ፎቶውን አንሺ፣ አራዳ ላኪው።

አስተርጓሚና አስታማሚ

ጎንደር ለዚህ ታሪክ ምሳሌ የሚሆን ልጅ አላት። ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ በ1864 ጎንደር ተወለዱ። በ1868 መቅደላ ስትወድቅ ሕፃኑን የእንግሊዝ ጦር መኮንኖች ይዘውት ሄዱ። ሕንድ አደጉ፣ ላሆር ላይ ሕክምና ተማሩ፣ በርማ ውስጥ አገለገሉ። ከአድዋ ድል በኋላ ወደ አገራቸው ሲመጡ በዘመናዊ ሕክምና የሠለጠኑ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሐኪም ነበሩ፤ አማርኛ ግን አይችሉም። አያታቸው የለዩአቸው በሰውነታቸው ላይ በነበረው ጠባሳ ነው ይባላል። የጎንደሩ ተወላጅ የገዛ ወገናቸውን «የት ላይ ያምሃል?» ለማለት አስተርጓሚ ያስፈልጋቸው ነበር።

ቋንቋ ሳይኖር ሐኪምና ታካሚ በአንድ ክፍል ተቀምጠው አይገናኙም። በየስደት አገሩ ደግሞ አስተርጓሚ ሲጠፋ የሚጠራው ልጅ ነው። ትምህርት ቤት ገብቶ ቋንቋውን የቀደመ የ10 ዓመት ልጅ የእናቱን የማሕፀን ሕመም ለሐኪም እንዲነግር ይደረጋል። እናት ታፍርና ግማሹን ትውጠዋለች፤ ልጅ ይፈራና የቀረውን ይውጠዋል። ሐኪሙ ጋ የሚደርሰው የተረፈው ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለው ተረት እዚህ ላይ አዲስ ትርጉም ያገኛል፤ ታማሚው መደበቅ ሳይፈልግ ይደበቅበታል።

አስታማሚም ይጠፋል። ጎንደር ላይ የታመመ ሰው ብቻውን ሐኪም ፊት አይቀርብም። አንዱ ካርድ ያወጣል፣ አንዱ መድኃኒት ይገዛል፣ አንዱ አልጋ ሥር ምንጣፍ አንጥፎ ያድራል። ከባድ ወሬ ካለ ሐኪሙ ለወንድም ወይም ለአጎት ነው ጎን ወስዶ የሚነግረው፤ ለታማሚው ቀስ ተብሎ ይደርሰዋል። ባሕር ማዶ ምስጢሩ የታማሚው ነው፤ ሐኪሙ ዓይን ዓይኑን እያየ ለራሱ ይነግረዋል። ሕጉ ለክብሩ የቆመ ነው፤ ብቻውን ለሚሰማው የአገሬ ሰው ግን ፍርድ እንደማንበብ ነው። ይህን ቀድሞ ያወቀ ሰው አንድ ወዳጅ ይዞ ይገባል፤ «አብሮኝ ይስማ» ማለት በብዙ አገር ይቻላል።

ጥምቀት ላይ የታመመ እንግዳ

በጥር ነገሩ ይገለበጣል። ጥምቀትን ለማክበር ፋሲል መዋኛ የሚጎርፈው ዲያስፖራና ቱሪስት አዘዞ ላይ ከአውሮፕላን ሲወርድ የለመደውን ይዞ ይወርዳል። ሆዱ ሲነፋው ስልኩን አውጥቶ ቀጠሮ የሚይዝበት ቦታ ይፈልጋል። እዚህ አገር ግን ለተራ ሕመም መፍትሔው ማለዳ መነሣት ነው፤ ካርድ ክፍል፣ ወረፋ፣ ምርመራ፣ ላብራቶሪ፣ መድኃኒት ቤት። ክፍያው በጥሬ ገንዘብ ወይም በሞባይል ነው። ከ2011 ጀምሮ የተስፋፋው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ለአባል ቤተሰብ እንጂ ለመንገደኛ አይሆንም፤ የውጭ አገር ኢንሹራንስም ብዙ ጊዜ የሚመልሰው ደረሰኝ ሲቀርብለት ስለሆነ ማኅተም ያለበትን ደረሰኝ መያዝ ነው። ለአምቡላንስ የቀይ መስቀል 907 አለ።

ሰሜን ተራሮች ላይ የሚወጣ እንግዳ ደግሞ ሌላ ሂሳብ አለው። ራስ ደጀን ከ4,500 ሜትር በላይ ነው። ከፍታ ያሳመመው ሰው የመጀመሪያ ሐኪሙ ቁልቁለቱ ነው፤ መውረድ አለበት። ከዚያ ደባርቅ፣ ከደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ጎንደር። በበቅሎ፣ በእግርና በመኪና የሚያልፈውን ሰዓት ያሰበ መንገደኛ በአየር የሚያነሣ ኢንሹራንስ ከአገሩ ሳይወጣ ይገዛል። አስጎብኚውም ስካውቱም እዚህ ላይ «ሐኪም የሚያውቅ ሰው» ይሆናሉ።

ስለዚህ የአገር ሰው ባሕር ማዶ፣ የባሕር ማዶ ሰው አገር ቤት ያው ነው። ሁለቱም የለመዱትን በር ፈልገው የሌላ ቤት ግድግዳ ያንኳኳሉ።

የዱቤ ደብተር

የእቴቴ ልጅ ሐኪም አገኘች። የዳባቷ ልጅ ደውላላት፣ ካርዷን ይዛላት፣ ሦስት ሳምንት ጠብቃ ገባች። የጨጓራ ባክቴሪያ ተገኘባት፤ መድኃኒት ጀመረች። ሐኪሙ ጎንደርን ያውቅ እንደሆነ እቴቴ አጥብቀው ጠየቁ። አያውቅም፤ ወጣት ነው። እቴቴ ትንሽ ከፋቸው።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሱቁ ሄጄ ሳለ አንዲት የሰፈር ሴት መጣች። ልጇ ለትምህርት ጀርመን ልትሄድ ቪዛ ወጥቶላታል።

«እቴቴ፣ ያንቺ ልጅ ሐኪም ታውቅ የለ? ልጄ ምናልባት ቢያማት እንኳ የምትጠጋበት...»

እቴቴ ከባንኮኒው ሥር የዱቤ ደብተራቸውን አወጡ። የበርበሬ፣ የዘይትና የስኳር ዕዳ በተደረደረበት ገጽ ጀርባ በትልልቁ የተጻፈ ነበር፤ 116117። ከሥሩ «9 = ጠዋት 3» ይላል። ከዚያ በታች፣ «ስም እንደ ፓስፖርቱ»። ከአገር ወጥተው የማያውቁት ሴት መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ ዝቅ አድርገው ቁጥሩን አንድ በአንድ አስጻፏት።

«ሐኪሙን አላውቀውም» አሉ። «ግን እንደገባች ትመዝገብ በያት። ሳትታመም።»

ሴትዮዋ እስክሪብቶውን አንሥታ አየቻቸው። «ሳትታመም? ምን ብላ?»